የእኔ ነው ያልኩት ግጥም

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው። ሌሎቹን እስረኞች አንድ ላይ ሲያጉሯቸው እኔን ለብቻዬ አደረጉኝ። በደብረ ማርቆስ የሐምሌ ብርድ፣ አጠገቤ የሚያስል ሰው እንኳ በኖረ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ጥፋቴ አንድ ደብተር ነበር። በከተማችን የባህል ቡድን ካቋቋምኩ ጀምሮ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከአምበር እስከ ደምበጫ በእግርም በጋሪም እየዞርኩ የገበሬውን ቀረርቶና እንጉርጉሮ ስጽፍ ነው። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ የሰው ግጥም ያለ ባለቤቱ ስም መድረክ አይወጣም። ከሁሉ የሚበልጥ ድምፅ የነበራትን ዘፋኝ እንኳ የአንዲት መበለት እንጉርጉሮ የራሷ አስመስላ ስላቀረበች አባርሬያታለሁ። አለቀሰች፤ አልራራሁላትም። በዚህ ግትር ነኝ።

የባለቤቶቹን ስም የምጽፈው በሌላ ደብተር ነበር። ፈታሾቹ በር ሲያንኳኩ ባለቤቴ እሱን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። የግጥሙን ደብተር ግን አገኙት፤ ሕዝብ የሚያነሳሳ ነው ተባለ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ደብተሩን ገልጦ አነበበ፦

በሬዬን ነዱና ሞፈሩ ቀረልኝ፤
እሱን ተሸክሜ ማን ገበሬ ሊለኝ።

“ይህን የገጠመው ማን ነው፣ መምህር?”

የገጠመው አምበር አጠገብ የሚኖር ሽማግሌ ነው። አጥሩን ተደግፎ፣ ማንም በሌለበት፣ ቀስ ብሎ ለእኔ ብቻ ነበር ያለው። ስሙን ከተናገርኩ በማግስቱ እንደሚያመጡት አውቃለሁ።

“እኔ ነኝ” አልኩት።

“ቀልዱን ይተዉት። እርስዎ በሬ ኖሮዎት ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“እንግዲያው ስሙን ይንገሩኝና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።”

“ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ የእኔ ነው።”

ደብተሩንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ። “እንግዲያው ይፈርሙበት” አለኝ።

በየገጹ ግርጌ ፈረምኩ። ፊቴ በእፍረት ነደደ። ያባረርኳት ዘፋኝ ታወሰችኝ። ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ እንዳልረሳቸው የሰዎቹን ስም ከነመንደራቸው አንድ በአንድ ጠራሁ። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት እጠራቸው ነበር። አቤት የሚል የለም።

የፈረምኩበት ደብተር ችሎት ላይ ተነበበና ግጥሞቹ በእኔ ስም አገር አዳረሱ። ከተፈታሁ ወዲህ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ለሰው ሁሉ የእኔ እንዳልሆኑ እነግራለሁ። መምህር መመስገን አይወድም ይሉኛል። በእስሩ አልቆጭም፤ ደግሞ ቢጠይቁኝም እፈርማለሁ። ግን በሌላ ሰው ሀብት መከበር ሰውን ብቸኛ ያደርጋል።

ዘንድሮ ያ ሽማግሌ አረፈ። ለቅሶው ላይ አልቃሿ ያንኑ ግጥም አወረደችው። ሲያበቃ የሟቹ ትልቋ ልጅ መጥታ ጉልበቴን ሳመች።

“በእርስዎ ግጥም ስለተለቀሰለት እግዜር ይስጥልን” አለችኝ።

“የእኔ አይደለም ልጄ። የገጠመው አባትሽ ነው። እኔ ከአፉ ነው የጻፍኩት።”

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አየችኝ። ላጽናናት ብዬ የዋሸሁ መሰላት።

“አባታችን እኮ ግጥም አያውቅም ነበር” አለችኝ።