ልጄን ያላስተማርኳት መርዶ

ልጆቼን ያሳደግኩት በቃልና በቀበቶ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ አልተውኩትም። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በዘበኝነት በተቀጠርኩበት በር ላይ ተቀምጬ፣ ለብቻዬ ነው። ናይሮቢ ከገባን ወዲህም ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም እየዋልኩ፣ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን አሮጌ መጽሐፍ ሳልገልጥ አልተኛም ነበር። ስለ ግብረ ገብ የተጻፈ ካገኘሁማ አልምረውም። ሰው ደጉን ከክፉው የሚለይበትን ከየት አገኘው? አንዱ መጽሐፍ ከእግዜር ነው ይላል፤ ሌላው ከአእምሮ፤ ሌላው ከልማድ። እኔ ከአባት ነው ባይ ነበርኩ።

ከሕጎቼ ሁሉ የከበደው የውሸት ሕግ ነበር። በቤቴ የዋሸ ይገረፋል። ተጠይቆ ዝም ያለም ይገረፋል፤ ዝምታ አፉን የዘጋ ውሸት ነው እላቸው ነበር። ይህን ከሁሉም ቀድማ የያዘችው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። ብርጭቆ ከሰበረች ሳልጠይቃት መጥታ ትነግረኛለች፤ መዳፏንም ለግርፊያ ትዘረጋለች። እኮራባት ነበር።

የምንኖረው ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ነበር። ከደርግ የሸሸን ቤተሰቦች አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል ተከራይተን ነበር። ከግድግዳችን ማዶ አንዲት ነፍሰ ጡር ትኖር ነበር። ባሏ እሷን በመኪና አስቀድሞ ልኳት፣ እሱ ስለሚፈለግ በበረሃው በእግር ሊከተላት ቀርቷል። ከሞያሌ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ሆዷን ደግፋ በር ላይ ትቆማለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ገበያ ወጥታ ሳለ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰው ከሞያሌ ወደ ክፍላችን መጣ። የግቢውን ሁለት ሽማግሌዎች አስጠራሁ። ልጄ ሻይ አፈላች።

«ባሏ ሞቷል» አለ ሰውየው። «የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«በምን ሞተ?»

«በውሃ ጥም።» ብርጭቆውን በጣቶቹ ሲያዞር ቆየ። «ለምኖኝ ነበር። ኮዳዬ ውስጥ ነበረኝ። ለሁለት አይበቃም ነበር፣ ጋሼ። ብሰጠው ሁለታችንም እዚያው እንቀር ነበር።»

ልጄ ስኳሩን አቀረበችለት፤ ሦስት ማንኪያ ጨመረ።

«እስክትገላገል መርዶው ይቆይ» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «የውሃው ነገር ግን ከዚህ ክፍል አይወጣም። ተኝቶ ሞተ ነው የሚባለው። አደራ።»

ሁላችንም አደራውን ተቀበልን። ልጄን አደራ ያላት አልነበረም። እኔም አላልኳትም። እኛ ሀገር ያደገ ልጅ መርዶ እንደሚደበቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የሞተባት ሴት ማታ እህል እንድትቀምስ ይደረጋል፤ ሲነጋ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ፤ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ከኋላ ይቆማሉ። ይህን እኔንም ማንም አላስተማረኝም። ልጄ ግን እዚህ የመጣችው ገና መራመድ ስትጀምር ነው፤ መርዶ ሲነገር አይታ አታውቅም። ይህ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ልጄ ቧንቧው ዘንድ ባልዲ ስትሞላ ሴትዮዋ ጠጋ አለቻት።

«የኔ እናት፣ ትናንት እናንተ ቤት የመጣው ሰውዬ ባለቤቴን አይቶታል?»

«አዎ እትዬ። እሱ ነው የቀበረው። ፖሌ ሳና።»

ፖሌ ሳና የናይሮቢ ሰው እግሩን ለተረገጠውም፣ ልጅ ለሞተበትም የሚለው ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት የተማረችው ማጽናኛ እሱ ብቻ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ሴትዮዋ ጭቃው ላይ ወድቃለች፤ ልጄ ደግሞ ውሃው እንዳይፈስ ቧንቧውን እየዘጋች ነው።

ያን ቀን እንደ ገረፍኳት ሌላ ልጄን ገርፌ አላውቅም።

«ጠይቃኝ እኮ ነው አባዬ! ምን ልበላት?»

«ዝም አትይም?»

«ስጠየቅ ዝም ካልኩ ትገርፈኛለህ!»

እውነቷን ነው። እውነቷ በመሆኑ ክንዴ ባሰበት። ሚስቴ መጥታ ቀበቶውን ከእጄ ነጠቀችኝና «በቃ! የምትገርፈው የራስህን አፍ ነው» አለችኝ።

ሴትዮዋ ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኑም ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ነርሷ እንዲህ ያለው ያለ ምክንያትም ይደርሳል ብላ ነበር፤ ግቢው ግን ምክንያቱን አግኝቷል። ሴቶቹ ልጄ ስታልፍ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። «ጉጉቷ መጣች፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብር ይሆን?» ይላሉ። ልጆቹም ተቀበሏቸው፤ «ጉጉት! ጉጉት!» እያሉ እስከ ሚኒባሶቹ፣ እስከ ማታቱ መቆሚያው ይከተሏታል። እኔ ሰምቼ አላስቆምኳቸውም። ትማርበት ብዬ ነበር።

ለቅሶው የተቀመጠው ሴትዮዋ ከሆስፒታል ባዶ እጇን ስትመለስ ነው። ከሞያሌ የመጣው ሰውዬ ቀባሪ ነውና የክብር ቦታ ተሰጥቶት ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጧል። ፍራሹ ላይ ያለችው ሴት ማንንም አታይም ነበር፤ ድንገት ቀና አለች።

«እንዴት ነው የሞተው?»

«ተኝቶ ነው፣ ልጄ። ሳይጨነቅ» አለ ሽማግሌው።

«እናንተን አይደለም። ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ባላወቀ ሆዴ አሳቃችሁኝ። ያቺን ልጅ ጥሩልኝ። እሷ አትዋሽም።»

ልጄ ከበሩ ሥር ነበረች። ሴቶቹ ወደ መሃል ገፏት። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

«ነይ እናቴ። የሰማሽውን ንገሪኝ። ውሃ ነበራቸው? ውሃ ጠይቆ ነበር?»

ይህ እስካሁን የማልረሳው ነው። ልጄ ሰውየውን አየችው። ከዚያ ፊቴን ሳይሆን ወገቤን፣ ቀበቶዬን አየች። እኔ አፍ ነበረኝ፤ ልናገር እችል ነበር። በቤቴ ሕግ ዝምታ የሚያስገርፍ ነው፤ እኔ ግን ዝም አልኩ።

«አልጠየቀም እትዬ» አለች። «ደክሞት ተኛ። ከዚያ አልነቃም።» ደግሞም ጨመረች፤ «ከመተኛቱ በፊት ስምሽን ጠራ።»

ሴትዮዋ በእንብርክኳ ሄዳ የሰውየውን ጉልበት ሳመች። «አፈር ስላለበስክልኝ እግዜር ያክብርህ» አለችው። ያ ባለ ኮዳ ጉልበቱን አልሰበሰበም። «እግዜር ያጽናሽ» አለ፤ ለቅሶ የመጣው ሁሉም አሜን አለ። ልጄ ግን ወደ እኔ ዞራ ትጠብቅ ነበር፤ ልክ ብርጭቆ እንደ ሰበረች ቀን መዳፏ በከፊል ተዘርግቷል። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩላት። መዳፏን ሰበሰበችው።

ውሸቱን ከእኔ ተማረች ልበል፤ ቀበቶዬን እያየች ነው የተናገረችው። «ስምሽን ጠራ» ማለትን ግን ማንም አላስተማራትም፤ ሰውየውም ከቶ አላለውም። ምሕረት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። አንብቤ የጨረስኳቸው መጻሕፍትም አይነግሩኝም። እሷን ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት ትመልስልኛለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምትመልስልኝ እውነት መሆኑን የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም።