የምድጃው ክፍል ቀዳዳ

አባቴ ጅብ አይፈራም፣ አለቃ አይፈራም፣ ንፋስ ግን ይፈራል። ላብ ያጠመቀው ሰው በር ከፍቶ ሲወጣ ካየ ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ ሰው ይሆናል። የሚያሾፉበት ሰዎች እናቴን አላዩአትም። ዳባት ሳለን፣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ከጋለ ማድቤት ላቧ እየተንጠፈጠፈ ወጣች፤ በማግስቱ አፏ ወደ ቀኝ ተጣሞ ነቃች። ሐኪሙም ጠበሉም አልመለሰውም። እስክትሞት ድረስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ኖረች፤ ስትስቅ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። አባቴ እስከ ዛሬ “በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ” ይላል።

እኔ በአዘዞና በጠዳ መካከል ባለ አንድ የመኮሮኒ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። አባቴም እዚያው የምድጃ ጠባቂ ነበር፤ ፋብሪካው ሙሉ “አያ” ይለዋል። መኮሮኒ ቀስ ብሎ በሙቀት መድረቅ አለበት። በማድረቂያው አዳራሽ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንጨት ይነድዳል፤ ትልቅ ማራገቢያ ሙቀቱን በቧንቧ ወደ አዳራሹ ይገፋል። ችግሩ ሕንፃው ነው። ጣሪያና ግድግዳው አይገናኙም፤ ወፍ በአንድ በኩል ገብታ በሌላ ትወጣለች። ስንት ዘመን ሙሉ የምናሞቀው የጎንደርን ሰማይ ነበር።

ባለቤቱ የማገዶው ነገር ሲያንገበግበው እኔን ጠራኝ። ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሆኜ የጣሪያውን ክፍተት ደፈንኩ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስገባሁ፣ ቧንቧውን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ጠቀለልኩ፣ በሩ ላይ ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ ሰቀልኩ። አንድ ነገር ብቻ ክፍት ተውኩ። እሳት እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ከምድጃው ክፍል ግድግዳ በታች በኩል የወንፊት ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ አስበሳሁ፣ ሽቦ ወንፊትም አለበስኩት። ድሮ አየሩ በየስንጥቁ ይገባ ነበር። አሁን የሕንፃው አፍንጫ ይህ ብቻ ነው። ይህን ለሁሉም ነገርኩ፤ አባቴም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ማገዶው ቀነሰ፣ መኮሮኒው ሳይሰነጠቅ ደረቀ፣ ባለቤቱ አመሰገነኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ክረምት ገባ።

መጀመሪያ ያየሁት በአዳራሹ ጫፍ ባለው የማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ማሰራቸውን ነው። ቀጥሎ ዳማከሴ መጣ። ቅጠሉን በመዳፋቸው እያሹ ያሸታሉ፣ ግንባራቸውን ይቀባሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። “ምች ነው” ይሉኛል። እሑድ ቤታቸው ሲውሉ ግን ይሻላቸዋል፤ ሰኞ ተመልሶ ይነሣባቸዋል። ፀሐይ በሌለበት ክረምት፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚመጣ ምች ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ምድጃው ክፍል ሄድኩ። ነበልባሉ ፈዝዟል፣ የምድጃው አፍ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቀዳዳው በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። በጥንቃቄ ታጥፎ፣ ጠርዝ ጠርዙ ሁሉ ተጠቅጥቆ።

“አባባ፣ ይሄን ማን ነው የደፈነው?”

“እኔ ነኛ። ምነው?”

“ሰው ልትጨርስ ነው እኮ።”

“ሰው የምትጨርሽስ አንቺ ነሽ፤ ላብ ባጠመቀው ሰው ጀርባ ንፋስ ትለቂያለሽ። ሸጋ ሙቀት ነበር።”

በየክረምቱ ከሰል አፍኗቸው እቤታቸው ሞተው ስለሚገኙ ሰዎች አስታወስኩት። ያ ከሰል ነው፣ ይሄ ደረቅ እንጨት ነው፣ ጭሱም በጭስ ማውጫው ይወጣል አለኝ። እሳት አየር ሲያጣ ከጭሱ ጋር የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ እንደሚወልድ፣ ማራገቢያውም እየሳበ ለሴቶቹ እንደሚያድላቸው ነገርኩት።

“የማይታይ፣ የማይሸት?” አለ ምድጃውን እየቆሰቆሰ። “ንፋስስ ይታያል እንዴ?”

ከረጢቱን ነቅዬ እዚያው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በዚያው ሳምንት ራስ ምታቱ ጠፋ፣ ዳማከሴውም ጠፋ። አባቴ “እሺ” አለኝ። የእሱን እሺ አውቀዋለሁ፤ ነገር ለመዝጋት የሚባል እሺ ነው። ጠዋት ጠዋት ልብስ ሳልቀይር ቀዳዳውን አያለሁ። አንዳንድ ቀን የከረጢት ክር ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ አገኛለሁ። ክሩን ለቅሜ እሳቱ ውስጥ እጥለዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ጉንፋን ጣለኝ። ትኩሳት እንደያዘኝ ማራገቢያውን ለማየት ገባሁ፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አባቴ አንጀቱን በላሁት መሰለኝ፣ እንጨቱ ክምር ላይ አስቀምጦ ጋቢውን ደረበልኝ።

“ላብሽ እስኪደርቅ እንዳትወጪ፣ ልጄ። እንጨት ይዤ መጣሁ።”

በሩ ቀስ ተብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ከረጢት ሽቦ ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አውቄአለሁ። ልነሣ ነው፣ ልነሣ ነው እያልኩ ዓይኔ ተከደነ። አልፈራሁም። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ ነው፤ እንቅልፉ ይጣፍጥ ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ዶፉ አባቴን እንጨት ማከማቻው ውስጥ አቆየው። ሲመለስ ከክምሩ ተንሸራትቼ መሬት ወድቄ አገኘኝ። ጠራኝ፣ አልመለስኩም። እንደ ሕፃን ታቅፎ አወጣኝ። ልክ ደጁ ላይ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው ንፋስ ከዝናቡ ጋር ፊታችንን መታው፤ እኔ በላብ ርሻለሁ። አባቴ ቀጥ አለ። ከዚያ ዞሮ ወደ ጋለው ክፍል አንድ እርምጃ ተራመደ።

“ወዴት ነው አያ?” አለችው ጥሪውን ሰምታ የደረሰችው ጓደኛዬ።

አባቴ እሷን አያት፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ግቢው መካከል፣ ምንም መጠለያ በሌለበት፣ ጭቃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ጋቢውን ከላዬ ገፈፈ። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ንፋሱ አዞረው። እሱም ላቡ አልደረቀም፣ ራሱም ባዶ ነበር። እየደጋገመ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ይምታት። ይምታት። ብቻ ትተንፍስ።”

አፌ ውስጥ በገባ የዝናብ ውሃ ነቃሁ። በባጃጅ አዘዞ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ ኦክስጅን ሰጡኝ፣ ስተፋ ዋልኩ፣ ዳንኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ቁስቋም ባለው ቤታችን፣ አባቴ ጠዋት ሊጉመጠመጥ የያዘው ውሃ ከአፉ ፈሰሰ። ወደ እኔ ሲዞር አፉ ተጣሟል። ወደ ቀኝ።

ሐኪሙ የፊት ነርቭ ሕመም ነው፣ ከንፋስ ጋር አይገናኝም፣ በመድኃኒት ብዙ ሰው ይመለሳል አለን። ክረምቱን ሙሉ እኔ ራሴ ይህንኑ ስል ነበር። አባቴ ሐኪሙን ትቶ እኔን ያየኛል፤ አዎ፣ ሐኪሙ ያለው ልክ ነው እንድል ይጠብቃል። አልቻልኩም። ያን ቀን ጭቃው ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር፤ በእሱ ዕውቀት። አውቆ ተቀመጠ።

አሁን ቤት ነው የሚውለው፤ አፉን በጋቢው ጫፍ እንደ እናቴ ይሸፍናል። ወሬው ግን ፋብሪካ ደርሷል። እኔ ታፍኜ መውደቄን የሚያነሣ የለም፤ የሚወራው አያን ንፋስ እንደመታው ነው። ቀዳዳው አጠገብ የሚያልፉ ሴቶች አፋቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ። አዲሱ ምድጃ ጠባቂ የደባርቅ ሰው ነው፤ ስለ አየሩ ሳስረዳው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ዛሬ ጠዋት የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት በብብቱ ይዞ ሲገባ አየሁት። ለመቀመጫ ነው አለኝ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ እንደ ልማዱ ከሰላምታ በፊት ጠየቀኝ።

“ቀዳዳው ክፍት ነው?”

“ስወጣ ክፍት ነበር” አልኩት።