ሦስት ኤክስ ያለበት አንበሳ አያይም

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያሉ እናቶች ሰመር በመጣ ቁጥር ኮል እያደረጉ፣ «ጋሽ ንጉሤ፣ ለልጆች መዋያ የትኛው ካምፕ ይሻላል?» ይሉኛል። ሽማግሌ ያውቃል ብለው ነው፤ ይቅር ይበላቸው። እነሱ የሚያስቡት ስለ ምሳው፣ ስለ ዋናው፣ ስለ ፓርኪንጉ ነው። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሰሌዳውን አያለሁ። የልጅ ስም ከነኤክሱ ተጽፎበት ከሆነ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልገኝም። ይህን ያስተማረኝ ወርቁ ነው። ወርቁን ደግሞ ስልሳ ዓመት ተቀይሜዋለሁ፤ በሕይወቴ ሳላቋርጥ የሠራሁት ሥራ ይኸው አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅ እያለሁ፣ አዲስ አበባ፣ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ የስፖርት አስተማሪያችን የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ አዳራሹ ውስጥ ያውለን ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ልጅ የሚለው አይሰማህም፤ ስለዚህ ሁሉም ይጮኻል። የእርጥብ ሹራብ፣ የጠመኔና የተጠበሰ በቆሎ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ጠጠር እንጫወታለን፣ ዝናቡ ሲያባራ የወረቀት ጀልባ ሠርተን ቦዩ ላይ እንለቃለን። ወርቁ ባይኖር ኖሮ ምን ይጎድለን ነበር?

ወርቁ አለቃችን ነበር። የእኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ አስተማሪው ወጣ ሲል ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ሥር የሚቆመው፣ ያወራውን ልጅ ስሙን የሚጽፈው፣ ደግሞ ካወራ ጎኑ ላይ ኤክስ የሚጨምርበት ልጅ። በዕድሜ በሁለት ዓመት፣ በቁመት በአንድ ክንድ ይበልጠኝ ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንበሳ ግቢ ትሄዳላችሁ ተባልን። ሕግም ወጣ፤ ሦስት ኤክስ ያለበት ይቀራል። አንበሳ አይቼ አላውቅም ነበርና ሌላ ነገር ማሰብ ተወሁ። በዋዜማው ወርቁ ሦስተኛውን ኤክስ አሰመረብኝ። ለልጆቼ ሳወራ በግፍ ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሰባን ካለፍኩ በኋላ ምን አሳፈረኝ፤ ኮፍያው ውስጥ እንቁራሪት የከተትኩት እኔ ነኝ። ሳያይ ኮፍያውን አጠለቀው። ለመንኩት፣ «ሕግ ሕግ ነው» አለኝ። በማግስቱ ሌሎቹ ተሰልፈው ሲሄዱ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ሲመለሱ ወርቁ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «አገሳ! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። አንተማ ብትኖር ሱሪህን ታረጥበው ነበር።» ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ፊቴ ላይ ያገሳብኝ ነበር። አንድ ቀን አገኝሃለሁ አልኩ፣ በሆዴ።

አገኘሁት። ያውም ኦሃዮ ውስጥ። ልጄ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ስለምትሠራ የልጅ ልጄን ሊያን የማመላልሳት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሰዎቻችን ዋይትሆል የሚባለው ሰፈር አዳራሽ ተከራይተው ለልጆች የሰመር ክበብ ከፈቱ፤ የሚመራው እዚሁ ከተማው ዳር፣ ደብሊን፣ ልጁ ዘንድ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ነው አሉ። የመጀመሪያው ሰኞ ሊያን ልወስድ ብገባ፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ቀይ ማርከር፣ ከሥሩ ወርቁ! አሁን በአንድ ክንድ የምበልጠው እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ግን «ሊያ» ተብሎ ተጽፎ ጎኑ ላይ ሁለት ኤክስ አለ።

«ምን አድርጋ ነው?» አልኩት፣ ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ።

«ጮኸች። ደግማ ጮኸች።»

«ስምንት ዓመቷ እኮ ነው፣ ወርቁ።»

«ሕግ ሕግ ነው፣ ንጉሤ። ሦስት ከሞላ ዓርብ ዙ፣ አንበሳ ልታይ፣ አትሄድም።»

«ኢት ኢዝ ኖት ፌር፣ አባባ!» ልትል አፏን ስትከፍት በመዳፌ ከደንኩት። የልጅ ልጄን አውቃታለሁ፤ የእኔው ደም ናት። እስከ ዓርብ ዝም ማለት አይሆንላትም።

ማክሰኞ ቮለንቲር አደርጋለሁ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሕግ ደጋግሜ አነበብኩት፤ «የጮኸ ኤክስ ይደረግበታል» ይላል። ልጅ አይልም። ወርቁ ደግሞ ስልክ ሲያናግር ድምፁን ያለ መሣሪያ አዲስ አበባ ሊያደርስ የሚፈልግ ሰው ነው። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ። «ሄሎ! ይሰማል? ሄሎ!» ተነሣሁ፤ ማርከሩን አንሥቼ «ወርቁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ኤክስ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሁለት። ዞር ብሎ ስሙን አየ። «ማነው ይህን የጻፈው?!» ሦስት። ከደስታዬ ብዛት ሦስተኛው ኤክስ ትንሽ ተንጋዷል። የእንቁራሪቷ ቀን እንኳ እንዲህ አልጣፈጠኝም።

ሊያ ጠጋ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ሕግ ሕግ ነው» አለችው፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ። ወርቁ ማጥፊያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሊያጠፋው ይችል ነበር። አላጠፋም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ማርከሩን ግን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ኤክስ የተደረገበት ልጅ የለም።

ዓርብ ጠዋት ወርቁ ከረባት አስሮ መጣና ልጆቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ እኔ ያለሁበት አውቶቡስ ላይ አሳፈራቸው። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወርጄ እጁን ይዤ አሳፈርኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባላችሁ ነበር። አልወረድኩም። በመስኮቱ እጄን እያውለበለብኩ ተሰናበትኩት። ሊያ እንኳ አፈረችብኝ።

አንበሳው ተኝቷል። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ዝንብ እንኳ ሳያባርር። ልጆቹ ሰለቻቸውና ወደ አይስክሬሙ ሄዱ፤ እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ስልሳ ዓመት የጠበቅሁት አንበሳ ጅራቱን አንዴ አነቃነቀ፤ እሱም ነፋሱ ይሆናል።

ስንመለስ በቀጥታ ወደ ወርቁ ሄድኩ። «አገሳ!» አልኩት። «መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። አንተማ ብትኖር ሱሪህን ታረጥበው ነበር።»

ወርቁ ቀና ብሎ አየኝ። ምሳውን አልነካውም። «ጀርባውን ሰጥቷችሁ ተኝቶ ነበር፣ አይደል?»

ዞሬ አውቶቡሱን ማየት ጀመርኩ።

«ያን ጊዜም ተኝቶ ነበር» አለኝ። «ብናፏጭ፣ ብንጮህ አልተነሣም። ያንን እንዴት ልንገርህ? ደስ ይልህ ነበር።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምሳውን ከፍቶ ግማሹን ሰጠኝ፤ እየተናደድኩ በላሁለት።

ያን ጊዜ እኛ ኤክስ ፈርተን ስንኮማተር ጨዋ ልጆች ይሉን ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ የሊያና የጓደኞቿ ሥዕል አለ፤ ሁሉም የተኛ አንበሳ ነው። አዳራሹ እንደዚያ ዘመን ቆርቆሮ ይጮኻል። ወርቁ ጆሮውን ይዞ፣ «ንጉሤ፣ ቀዩን ማርከር አይተኸዋል?» ይለኛል። «የት አይቼ!» እለዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ነው። ስለዚያ አንበሳ ለዋሸኝ ውሸት ግን አንድ ኤክስ ይቀረዋል፤ እሷን መቼ እንደማሰምርበት ገና አልወሰንኩም።