አባዬ አንቴናውን የያዘበት ምሽት

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ጎባ ወላጆቼ ቤት ሄጄ የእማዬን ቁም ሣጥን ሳስተካክል ከብርድ ልብሶቹ ሥር ያ ጌም ወጣ። እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞሩ ሁለት ቁልፎች ያሉት ቡናማ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። አሸተትኩት። ዛሬም የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ብቻዬን ሳቅኩ።

ልጅ እያለሁ መርከብ ላይ የሚሠራው አጎቴ ነበር ከቴሌቪዥኑ ጋር ያመጣልን። ሣጥኑ ከአንድ ጨዋታ በቀር አያውቅም፤ አንዲት ነጭ ነጥብ በሁለት ነጭ ዱላዎች መሀል ትመላለሳለች፣ ዱላውን ስትነካ «ጢው» ትላለች። በዚያች «ጢው» ስንቴ መክሰሴን ረስቻለሁ። እማዬ ግን ቴሌቪዥኑ ይበላሻል ብላ በዳንቴል ሸፍና ማንም እንዳይነካው ከልክላ ነበር። እሷ ገበያ ስትወጣ አባዬ፣ ቢሮው ሁሉ የሚፈራው ኮስታራ ጸሐፊ፣ ከነኮቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ይጫወታል። ስረታው «የእኔ ቁልፍ ነው የተበላሸው» ብሎ ያኮርፋል።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ልትመጣ ስትል ጌሙን በጥድፊያ ነቅለን ደበቅነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ነበረች፤ ወዲያ ስትገፋ ለጌሙ፣ ወዲህ ስትገፋ ለአንቴናው የምትሆን። እሷን መመለስ ሁለታችንም ረሳን።

የዚያን ዕለት ደግሞ ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ይመጣሉ። ልጃቸው ጀማል ለሩጫ ተመርጦ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ ዓይኑን አላዩትም። ውድድሩ በቴሌቪዥን እንደሚታይ ሰምተው፣ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ገና ሳይመሽ መጥተው ከሁሉም ፊት ተቀመጡ።

እማዬ ዳንቴሉን ገልጣ ስታበራው ስክሪኑ ጉንዳን የፈሰሰበት መሰለ። አቃጠልነው አልኩ በልቤ። አባዬን አየሁት፤ እሱም ደርቆ ቀርቷል።

«ነፋሱ ነው፤ አንቴናውን አዙሮታል» ብሎ ወጣ።

ያኔ በየቤቱ የሚታወቀው መድኃኒት ይኸው ነበር። አንዱ ውጭ ሆኖ አንቴናው የታሰረበትን የባሕር ዛፍ እንጨት ያዞራል፣ ሌላው መስኮት ላይ ቆሞ ይጮኻል። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊቴን እየገረፈኝ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ኧረ አልመጣም!»

አደ ፋጡማ «ያ ረቢ፣ ልጄን ሳላየው ሊያልፍ ነው» አሉና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። አንጀቴን በሉት። እማዬ ቸግሯት እጇን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰደደች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችና ገፋ አደረገቻት።

ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ መጣ። ሯጮቹ ተደርድረው ቆመዋል።

«ጀማል ኮ! የኔ ጀማል!» አሉ አደ ፋጡማ ብድግ ብለው። «ልጄ! ከስቷል! ግን ይስቃል፣ እዩት፣ ይስቃል!»

እፎይ! በመስኮቱ «መጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማንም እንዳይነካው! ይዤዋለሁ!» አለ አባዬ ከውጭ።

ልነግረው አፌን ስከፍት እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ተይው፣ ትንሽ ይያዝ» አለችኝ በሹክሹክታ። ለካ ገበያ ስትሄድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ታውቅ ኖሯል። አባዬ ሩጫው እስኪያልቅ እንጨቱን አቅፎ ቆመ። አፍንጫው በብርድ ቀልቶ ሲገባ አደ ፋጡማ ሁለት እጁን ስመው «ልጄን ያሳየኸኝ አንተ ነህ» ብለው መረቁት። እስከ ዛሬ በዚያ ምርቃት ይኮራል።

አሁን ስክሪኑ በየኪሳችን ነው። አደ ፋጡማ በሕይወት ቢኖሩ ጀማልን በስልክ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። እንደዚያ ተሰብስበን ግን አንድ ሰው አንጠብቅም።

ጌሙን እየወለወልኩ ሳለሁ ስልክ ላይ የምትጫወተው ልጄ «ኡፍ፣ ኔትወርክ ጠፋ!» አለች። አባዬ ከዘራውን ይዞ ተነሣ፣ ቀስ እያለ ወጣ፣ ዛሬም ጓሮ የቆመውን ያንን የአንቴና እንጨት ጨበጠ።

«መጣ?» አለ።

ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ። እማዬ ከተቀመጠችበት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«መጣ፣ አባዬ!» አልኩ። «ያዘው!»