ስም የማይጠራበት ክፍል

በወጣትነቴ፣ አገር ቤት በታሰርሁበት ክፍል ያን ዕለት የነበርነው አንድ አዛውንት የሒሳብ መምህር፣ አንድ የባንክ ጸሐፊ፣ ሁለት ገበሬዎች፣ ለማትሪክ ሲዘጋጁ የተያዙ አራት ተማሪዎች እና ከዩኒቨርሲቲ የተወሰድሁት እኔ ነበርን። ክፍሉን አስቀድሞ ያወቀው አፍንጫዬ ነው፤ እርጥብ ጆንያ፣ ላብ፣ በበሩ ሥር ያለው ባልዲ።

መምህሩ ተማሪዎቹን ከትምህርት እንዳይርቁ ብለው ያስተምሯቸው ነበር። ከአራቱ ረጅሙ ልጅ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ከጠባቂዎቹ ይልቅ ያስመረረኝ እርሱ ነበር።

ያን ጠዋት መምህሩ፣ የቆየ ልማዳቸው አሸንፏቸው፣ ስም መጥራት ጀመሩ። አንድም ሰው አቤት አላለም። ገበሬዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። እዚያ ቤት ስም የሚጠራው ከበሩ ወዲያ ነው፤ የተጠራም አይመለስም።

ረጅሙ ልጅ ተነሥቶ ተቀመጠ። “ጋሼ፣ እዚህ ስም አይጠራም። እኛው እንናገራለን” አለ። ቀጥሎም፣ “አለሁ።” ሌሎቹ ተከተሉት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶ የእርሱ ስም ተጠራ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ለጠባቂው አልመለሰም። ወደ እኛ ዞሮ፣ በጠዋቱ ድምፅ፣ “አለሁ” ብሎ ወጣ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በስቶክሆልም፣ አልቢ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን ያቋረጡ ሰባት የሐበሻ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠና ነበር። ዓላማችን የአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ኮምቩክስ፣ እንዲገቡ ነው። ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። በአማርኛ ስጠይቅ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፤ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ጃኬታቸውን እንኳ አያወልቁም። ክፍሉን የፈቀደልን ኮሙን፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ደግሞ የተገኙትን ስም በየሳምንቱ ይፈልጋል። የኮምቩክስ ምዝገባ ሰኞ ሊያበቃ፣ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ተበሳጭቼ ስም መጥራት ጀመርሁ።

ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀው ነበር።

በሩ አጠገብ የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን አነሣች። ከሁለት ትምህርት ቤት ወጥታለች፤ ከዚህም ከወጣች ዳግም መጽሐፍ እንደማትገልጥ እናቷ ነግረውኛል።

“አባባ” አለች፣ አማርኛዋን እየፈለገች፣ “ትምህርት ቤት ስሜን የሚጠሩት፣ ቀረች ብለው ለእማዬ ለመጻፍ ነው።”

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። ስለ ረጅሙ ልጅ አልነገርኋቸውም። “እንግዲያው እናንተው ተናገሩ” ብቻ አልሁ።

ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆየች። “አለሁ” አለች በመጨረሻ። “ሒሳብ ግን አልወድም።” ሌሎቹ ሳቁ።

ኮሙኑ እስኪሰለቸው ድረስ ወቀሰኝ፤ ስም ግን አልላክሁም። ዛሬም በጤና ጣቢያ ተራዬ ደርሶ ስጠራ፣ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የምነሣው።

ከእስር ክፍሉ አራት ተማሪዎች በሕይወት የወጣው አንድ ነው። ከአልቢዎቹ ሰባት፣ ሰኞ ዕለት ለምዝገባ የቀረቡት አምስት ናቸው። አምስተኛዋ፣ ያቺ ቦርሳዋን አንሥታ የነበረችው ልጅ፣ ዘግይታ መጣች፤ ጃኬቷንም አላወለቀችም።