ጌታ በበረት፣ እኛ በከፋይ

«እትዬ ሜትር» የሚሏቸው የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። ባላቸው የሞቱ ዕለት እንኳ እሱኑ አንጠልጥለው ሲያለቅሱ፣ ለቀስተኛው «ሳጥኑን ሊለኩ ነው እንዴ?» እያለ ተንሾካሽኳል።

ሥራቸው መጋረጃ መስፋት ነው። የልደት በዓል ሲቃረብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መስኮቱ የተራቆተ ይመስለዋል። አንዷ መጋረጃ ከቀየረች ጎረቤቷ እንቅልፍ የላትም። አምና የተሰፋው ጥርስ ሳያበቅል «አርጅቷል» ይባልና እትዬ ሜትር ጓዳ ተጥሎ ይቀራል። እሳቸውም ቢሆኑ ጻድቅ አልነበሩም፤ በዚያ ዓመት በበዓሉ ገቢ ባለመስታወት ቢፌ ሊገዙ፣ ግድግዳውን አስለቅቀው ይጠብቁ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቀይ ከፋይ አሸክማ መጣች።

«እትዬ፣ ለበዓሉ ይድረስልኝ፤ እንግዳ አለብኝ።»

«የአምናው ምን ሆነ?»

«ከሶፋው ጋር አይሄድም።»

«ሶፋውን የገዛሽው ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ብለሽ አልነበር?»

«ያማ የድሮው ሶፋ ነው!»

ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ የአረጋውያን መጠለያውን መስኮትም እንዲለኩ አዘዘች። ኮሚቴው በበዓሉ ቀን ስጦታ ሲሰጥ ፎቶ ስለሚነሳ፣ ከኋላ ያለው መስኮት እንዳያሳፍር ነው።

እትዬ ሜትር በማግስቱ ሄደው ወንበር ላይ ቆመው ሲለኩ፣ በአሮጌ ካፖርት ተጠቅልለው የተኙ አንድ እናት ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ መስኮቱን አይበርደውም። ይልቅ እኔን ለኪኝ።»

እትዬ ሜትር ከወንበሩ ወረዱ። ለኳቸው። ከዚያ የቀሩትን አሥራ ሦስት አልጋዎችም ለኩ።

ቤታቸው ገብተው ከፋዩን ወደ ጥግ ገፉት። ጓዳ የተከመረውን መጋረጃ አውጥተው አጠቡ፤ ቢፌው ቀርቶ ጥጥ ተገዛ፤ በሁለት ጨርቅ መሃል እየጠቀጠቁ ብርድ ልብስ ሰፉ። ባዶውን ግድግዳ ባዩ ቁጥር ግን ቢፌው ይታያቸው ነበር። እህታቸው መጥታ፣ «ጽድቁ ቀርቶብሽ በቅጡ በተኮነንሽ!» አለቻቸው።

በዋዜማው ሊቀ መንበሯ ስትመጣ ከፋዩን መቀስ አልነካውም።

«እንግዲህ መስኮቴ ራቁቱን በዓል ሊውል ነው?»

«ይዋላ! ጌታ በበረት ሲወለድ መጋረጃ ነበረው ሲባል አልሰማሁም።»

ከፋዩን አፍሳ ወደ ሌላ ሰፊ ሮጠች። በጥድፊያ ተሰፍቶ አንዱ ጎኑ እስከ መስኮቱ ወገብ ብቻ ደረሰ ይባላል።

በበዓሉ ቀን ኮሚቴው ብስኩትና ፎቶ አንሺ ይዞ መጠለያው ደረሰ። የሰፈሩ ሳሎን ሁሉ አልጋ ላይ ተነጥፏል። «ይሄ የኔ መጋረጃ አበባ አይደል?» አለች ከኮሚቴው አንዷ። ሊቀ መንበሯ ግን ከሁሉም ፈጠነች፤ የእናትየዋን ብርድ ልብስ ጫፍ ይዛ ወደ ካሜራው ፈገግ አለች።

«ኮሚቴያችን ያዘጋጀው ነው።»

እናትየዋ ጨርቁን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው፣ «እጅሽን አንሺ የኔ ልጅ፤ ብርድ ታስገቢያለሽ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ግማሹ ደንበኛ ሸሽቷል። በተከታዩ ዓመት ግን ከኮሚቴው ሴቶች አንዷ የሳሎኗን መጋረጃ ለብርድ ልብስ ይሁን ብላ አጥባና ተኩሳ አመጣች፤ በምትኩ አዲስ ላትገዛም ቆርጣለች።

«እትዬ፣ ስሜ ጠርዙ ላይ ቢጻፍልኝስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በውስጥ በኩል፣ ከጥጡ ጋር እሰፋልሻለሁ» አሏት፣ መርፌያቸው ውስጥ ክር እያስገቡ።