የመንጋጋዋ ምስክር

የተቃውሞ ወረቀት በትነሃል ብለው ሞላሌ ገበያ መሐል ያዙኝና መሐል ሜዳ ከተማ እስር ቤት አስገቡኝ። ክፍሉ የገብስ መጋዘን የነበረ ነው፤ ከወለሉ ቅዝቃዜ የተነሳ እግሬ ደነዘዘ። አንድ ጎልማሳ ሰው የለበሱትን ባና ገለጥ አድርገው፣ «ጠጋ በል፣ ለሁለት ይበቃል» አሉኝ።

የጥንት ሰው አጥንት ፈላጊ ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው ዓመታት ቆላ ወርደው ቆፍረዋል። ለአባታቸው ተዝካር ሲመጡ ቦርሳቸው ተፈተሸና ካርታና አንዲት የመንጋጋ ስባሪ ተገኘ።

«ካርታው ሰላይ አደረገኝ፤ መንጋጋዋ ግን ገና ክስ አልተገኘላትም» አሉኝ።

አብረውን የታሰሩት ቄስ፣ «ከአዳም በፊት ዘመድ አገኘሁ ትላለህ አሉ» ብለው ተቆጧቸው።

«አባ፣ እኔ ዕድሜዋን እንጂ የክርስትና ስሟን አልጠየቅኋትም።»

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በሦስተኛው ቀን የእስር ቤቱ ካድሬ እኔንና አጥንት ፈላጊውን ግቢ አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ መንጋጋዋና አንድ ወረቀት ነበሩ። «ይህ ተራ ድንጋይ ነው፤ ለስለላዬ ሽፋን አድርጌው ነበር፤ ተጸጽቻለሁ» ይላል።

«ፈርምና ውጣ» አላቸው።

«አጥንት ናት» አሉ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተማሪ ነህ። ድንጋይ መሆኑን መስክርና ነገ እናትህ ቤት እደር።»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ድንጋይ ትመስል ነበር። ሰውየውን አየኋቸው።

«ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ» አሉኝ። «በምላስህ ንካት። እንዲህ ያለ አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ይጣበቃል፤ ድንጋይ አይጣበቅም። እኛ ሜዳ ላይ የምንለየው እንደዚያ ነው።»

«ይላስ፣ ምሳው ነው» አለ አንዱ ዘበኛ። ሌሎቹ ሳቁ።

በመጀመሪያ ከግቢው ጠጠር አንስቼ ቀመስኩ። አልያዘኝም። ከዚያ መንጋጋዋን በምላሴ ነካኋት። ምላሴን ያዘችው፤ ቀስ ብዬ አላቀቅኋት።

«አጥንት ናት» አልኩ።

ካድሬው በጥፊ መታኝ። ሰውየው እስክርቢቶ ጠየቁ። ሊፈርሙ መስሎት ሰጣቸው። ወረቀቱን ገልብጠው መንጋጋዋ የተገኘችበትን ሸለቆና ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣች ጻፉ። ስሜን ጠይቀው ከታች ጻፉና አስከተሉ፦ «መርምሮ ያረጋገጠ።»

በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው። ወሬያቸውን አልሰማሁም። እኔ ስምንት ወር ቆየሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ አንደኛ ዓመት ነኝ። ያ ወረቀት ተቀዶ ይሆናል፣ ወይም አንድ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። ካለ፣ ከስሜ ጎን የተጻፈው ትክክል ነው።